«ልጄ፣ አንዴ ከፍዬሽ የለ እንዴ?»

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ ተምሬ ከተመረቅኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ቀበሌ 14 አንዲት ክፍል ተከራይተን ለሱቆች፣ ለመድኃኒት ቤቶችና ለትንንሽ ሆቴሎች የሽያጭና የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም እንሠራለን። የሠራተኛ ደመወዝም ያሰላል። እስካሁን 43 ደንበኞች አሉን። ሁሉም አንድ ጊዜ 18,000 ብር ከፍለው ነው የወሰዱት። ከዚያ በኋላ ለመጣው ለውጥ ሁሉ አንድም ሰው አስከፍለን አናውቅም። ሐምሌ 2017 የደመወዝ ግብሩ ሲቀየር ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአባይ ማዶ እስከ ፔዳ በባጃጅ እየዞርን በነጻ አስተካከልን። የባጃጁም ከኪሳችን ነው።

አሁን ሲስተሙን ከሥሩ አፍርሰን እንደ አዲስ ጻፍነው። ስምንት ወር ፈጀብን። ባለቤቱ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሱቁን ሽያጭ በስልኩ ያያል። በጥሬ ገንዘብ፣ በቴሌብርና በባንክ የገባውንም ለይቶ ያሳያል። ለነባር ደንበኞች 7,000 ብር ልናስከፍል አሰብን። መጀመሪያ የነገርኳቸው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው፣ እንደ ልጃቸው ያዩኛል። «ልጄ፣ አንዴ ከፍዬሽ የለ እንዴ? ስልኬ እንኳ አፕዴት ሲያደርግ አያስከፍለኝም። ታንኳ የሸጠ ሰው በየዓመቱ እየመጣ ክፈሉኝ ይላል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ጓደኛዬ «የማናስከፍል ከሆነ እኔ አዲስ አበባ ሥራ ልፈልግ ነው» ይላል። ሌላ ልጅ ደግሞ ማንኛውንም ለውጥ በነጻ እሠራለሁ እያለ ደንበኞቻችንን እያባበለ ነው። እናስከፍል ወይስ እንተወው?

ግራ የገባት፣ ከባሕር ዳር

መልስ

እታለም፣ አስከፍዪ። አዲሱን ሲስተም ግን ለ43ቱም በነጻ ስጪያቸው።

ጓደኛሽ እዚህ ላይ ሲደርስ ሻንጣውን እንዳያነሳ ያዢልኝ። እስክጨርስ ታገሡኝ።

መጀመሪያ የእትዬን ታንኳ እናንሳ። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ዓሣ አጥማጁ ሥራውን ሲጨርስ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። እንዲያም ሆኖ ወራት እንጂ ዓመታት አይቆይለትም። ይበሰብስና ሌላ ያሠራል፤ ለዚያም ይከፍላል። ስለዚህ እትዬ ያመጡት ምሳሌ የሚመሰክረው ለአንቺ ነው። ይህን ግን እንዳትነግሪያቸው። ከትልቅ ሰው ጋር በምሳሌ ተከራክሮ የረታ ሰው ደንበኛውን ይዞ አይወጣም።

ልዩነቱ ምን መሰለሽ? ታንኳ ሲበሰብስ ዓይን ያየዋል። ሲስተም ሲበሰብስ የሚያየው የለም። እትዬ ኮምፒውተሩን ሲከፍቱት ያው አረንጓዴ ገጽ፣ ያው ቁልፍ ነው። «ምን ሆነና ነው የሚታደሰው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

የሚበሰብሰው ዙሪያው ስለሚለወጥ ነው። የደመወዝ ግብሩን እንውሰድ፣ አንቺው ስላነሳሽው። በቀድሞው ሠንጠረዥ ከግብር ነጻ የነበረው ደመወዝ እስከ 600 ብር ብቻ ነበር። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ 2,000 ብር ሆነ። ደመወዙ 5,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በፊት 697 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን 500 ብር ነው። ያልታደሰ ሲስተም ምንም ሳይበላሽ፣ ምንም ቀይ ጽሑፍ ሳያወጣ፣ ከእትዬ ሠራተኛ ኪስ በየወሩ 200 ብር ገደማ አለአግባብ ሲቆርጥ ይኖራል ማለት ነው። ኮምፒውተሩም እንዲሁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ከደንበኞችሽ ስንቶቹ አሁንም እሱን ይጠቀማሉ? እኔ እንጃ፣ ግን በከተማችን ሱቆች ከማየው ብዙዎቹ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የስልኩም ነገር መልስ አለው። የስልክ አፕዴት ነጻ አይደለም፣ ዋጋው ስልኩ ውስጥ ተከፍሏል። አፕል ራሱ ለማክ ኮምፒውተሮቹ አዲስ ስርዓት ባወጣ ቁጥር ያስከፍል ነበር። 29 ዶላር፣ ከዚያ 20 ዶላር ገደማ፣ በመጨረሻ በፈረንጆቹ 2013 ነጻ አደረገው። ማድረግ የቻለው ኮምፒውተሩን የሚሸጠው እሱው ስለሆነ ነው። አንቺ ኮምፒውተር አትሸጪም። እትዬም ቢሆኑ ስልካቸው አፕዴት አልቀበልም ያለ ዕለት ሌላ ስልክ ገዝተው ይሆናል፤ ያንን ግን የሶፍትዌር ክፍያ ብለው አይቆጥሩትም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ «ታዲያ ለምን በነጻ ስጪ አልከኝ?» ትይኛለሽ። አንድ የራሴን ነገር ላጫውትሽ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ትንሽ የጽሕፈት ሥራ ቤት ነበረችኝ። ታይፕ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ቫይረስ የገባበት ፍሎፒ ማጽዳት። በማይክሮሶፍት አክሰስ ለአንድ ባለ ዕቃ መደብር የገቢና የወጪ መዝገብ ሠራሁላቸው። 800 ብር ከፈሉኝ፣ ያን ጊዜ ደህና ብር ነው። በደስታ ብዛት «እኔ እስካለሁ ድረስ ምንም ነገር ቢፈልጉ ይደውሉልኝ» አልኩ። ደወሉ! የፋሲካ ዋዜማ በግ እየጎተትኩ ወደ ቤቴ ስሄድ «ሲስተሙ አላትምም አለ» ብለው ጠሩኝ። በጉን ለጎረቤት አስይዤ ሄድኩ። ወረቀት አልቆ ነው።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሄድኩ። እሳቸውን አልወቅሳቸውም፣ ያልኩትን ነው የያዙት። በአምስተኛው ዓመት ቁጥራቸውን ሳይ ስልኩን ገልብጬ ማስቀመጥ ጀመርኩ። በስድስተኛው ዓመት ኮምፒውተራቸው ሞተ። መዝገቡ ሌላ ቦታ ላይ ቅጂ አልነበረውም። ቅጂ እንዲይዙ ማስተማር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ግን እዚያ ሱቅ መሄድ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። የስድስት ዓመት ሒሳብ እንደ ጉም ተነነ። እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላው ጎን አዞራለሁ።

ለውጡን ሁሉ በነጻ እሠራለሁ የሚለውን ልጅ ስለዚህ አትፍሪው። እኔ እሱን ነበርኩ። ክፉ አይደለም፣ ልበ ሙሉ ነው። ጊዜ ስጪው። ሃያኛው ደንበኛ ላይ ሲደርስ እሱም ስልኩን መገልበጥ ይጀምራል። ባለ ሱቅ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ደውሎ የማይነሳለትን ስልክ ነው። የምትሸጪውም እሱን ነው፤ የሚነሳ ስልክ።

ስለዚህ ዋጋውን ከአዲሱ ቨርዥን ላይ አንሺና ከዓመቱ ላይ አድርጊው። ምክንያቴን ልንገርሽ።

ለአፕግሬዱ 7,000 ብር ብትጠይቂ ከ43ቱ 20ው ቢከፍሉ 140,000 ብር ታገኛላችሁ። ጥሩ ነው። 23ቱ ግን አሮጌው ላይ ይቀራሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሲስተም ትይዣለሽ። የግብር ሕጉ እንደገና ሲቀየር ሁለት ቦታ ታስተካክያለሽ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ቨርዥን ስታወጪ ሦስት ይሆናል። አንዱ ደውሎ «ሪፖርቱ የት አለ?» ሲልሽ «የትኛውን ነው የያዙት?» እያልሽ ትውያለሽ። ሌላም ክፉ ነገር አለው። ቨርዥን እየሸጠ የሚኖር ሰው ሳያውቀው ጥሩ ጥሩውን ለሚቀጥለው መደበቅ ይለምዳል። ዛሬ በሁለት ቀን የምትጨርሺውን ማሻሻያ «ይቆይ፣ ለቨርዥን አራት ይሁን» ትያለሽ። ደንበኛው ያለ ምክንያት ሁለት ዓመት ይጠብቃል።

ስምንት ወሩስ? ስምንት ወሩ ተበልቷል፣ እታለም። እሱን ከነባሮቹ ለማስመለስ አትሞክሪ። ከአዲስ ደንበኞች አስመልሺው፤ ከእንግዲህ ለሚመጣ ሰው 18,000 አትበዪ፣ የመጀመሪያውን ዓመት አገልግሎት ጨምረሽ 24,000 በዪ። ሲስተሙ እኮ አሁን ሌላ ነው።

ነባሮቹን የምታስከፍዪው በየዓመቱ ለሚያስወጣሽ ነገር ነው። አንቺን በየዓመቱ ምን ያስወጣሻል? ስልክ፣ ባጃጅ፣ የሕግ ለውጥ መከታተል፣ እና ይህ ሽያጭን በስልክ የማየቱ ነገር። እሱ ሰርቨር፣ ማለትም መረጃውን በኢንተርኔት የሚያቀብል ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ሰርቨሩ ኪራይ አለው፣ ኪራዩም በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ110 ብር እንዳለፈ አትረሺውም። በ2014 አንድ ጊዜ በተከፈለሽ 18,000 ብር የ2018ን ሰርቨር እንዴት አድርገሽ ትከፍያለሽ? ይህን እትዬም ይገባቸዋል። እሳቸውስ መድኃኒቱን በድሮ ዋጋ ያስመጣሉ?

ዋጋው 3,000 ብር ይሁን እላለሁ። ከመነሻው ዋጋ አንድ ስድስተኛ ነው። በውጭው ዓለም ለድርጅቶች ሶፍትዌር የሚሸጡ ኩባንያዎች ለዓመታዊ ጥገና ከዋጋው 20 በመቶ አካባቢ መጠየቃቸው የተለመደ ነው፤ አንቺ ከዚያ በታች ነሽ። 30 ሰው ቢስማማ በዓመት 90,000 ብር። ከ140,000ው ያንሳል፣ አዎ። ግን የዛሬ ዓመትም ይመጣል፣ ከዚያም በኋላ። አልዋሽሽም ግን፣ 90,000 ብር ለሁለታችሁ በድምሩ በወር 7,500 ብር ነው። በዚህ ቤት አይመራም። ይህ ገንዘብ ነባሮቹን ሳትማረሪ እንድታገለግዪ ብቻ ነው፤ እንጀራችሁ ከአዲስ ሽያጭ ነው የሚመጣው። ጓደኛሽ አዲስ አበባ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ከሆነ ምናልባት ይሄዳል። ያኔ ቢያንስ 43ቱ አንድ ዓይነት ሲስተም ላይ ስለሆኑ ብቻሽን ትችያቸዋለሽ።

የማይከፍልስ? እዚህ ላይ ጥብቅ ምክር አለኝ። እንዳትቆልፊበት። ያልከፈለ ሰው ሲስተሙ ይሠራለታል፣ ይሸጥበታል፣ ዕቃውን ይቆጥርበታል። በስልክ ማየቱ ይቀርበታል፣ የሕግ ለውጥ ሲመጣና ሰው ሲጠራ ግን በየጊዜው የጉዞና የሥራ ዋጋ ይከፍላል። መዝገቡንም በፈለገ ጊዜ ወደ ኤክሴል አውጥቶ መሄድ ይችላል። ይህን አንቺው አስቀድመሽ አሳዪው። መውጫ በሩን ያየ ሰው ለመግባት አይፈራም።

ጄትብሬንስ የሚባል፣ ለአንቺ ዓይነቱ ባለሙያ መሣሪያ የሚሠራ ኩባንያ አለ፤ ሳታውቂው አትቀሪም። በፈረንጆቹ 2015 ሁሉንም ነገር በየጊዜው በሚከፈል ኪራይ ሊያደርግ ሲል ፕሮግራመሮቹ ተነሱበት። ኩባንያው በሳምንታት ውስጥ ሐሳቡን አስተካከለ። 12 ወር የከፈለ ሰው ከዚያ በኋላ ባይከፍልም ያ 12 ወር ሲጀምር የነበረውን ቨርዥን ለዘለቄታው ይጠቀማል አለ። አዶቢ ደግሞ አዲሱን ፎቶሾፕ ከፈረንጆቹ 2013 ጀምሮ በኪራይ ብቻ አደረገው፣ መክፈል ስታቆሚ መሥራት ያቆማል። እኛ ጋ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። ለአንድ ነገር እንኳ ብለሽ፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የጠፋበትን ጊዜ አስቢው። ያን ጊዜ ሲስተምሽ «ክፍያ ላረጋግጥ» ብሎ በየቀኑ ኢንተርኔት የሚፈልግ ቢሆን ኖሮ የከፈለውም ያልከፈለውም ሱቅ እኩል ይዘጋ ነበር።

ስህተት ማረም ምንጊዜም በነጻ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የገዛም፣ ዓመታዊውን ያልከፈለም። የአንቺ ኮድ ሲደምር ከተሳሳተ ያ የአንቺ ዕዳ ነው። ለስህተቱ ማስከፈል ልብስ አጣሞ ሰፍቶ ለማቅናት ደግሞ የእጅ ዋጋ እንደሚጠይቅ ልብስ ሰፊ መሆን ነው። የሐምሌው የሁለት ሳምንት ዙረት ግን የየትኛው ነበር፣ የስህተት ወይስ የሕግ ለውጥ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የግብሩን ሠንጠረዥ ኮዱ ውስጥ ቀብረሽው ነበር? እንደዚያ ከሆነ ግማሹ ጥፋት የአንቺ ነው። ሠንጠረዡ ቅንብሩ ውስጥ፣ ማለትም ባለ ሱቁ ራሱ ከፍቶ በሚለውጠው ገጽ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ አንቺ በቴሌግራም በላክሽለት መመሪያ ጥቂት ቁጥሮች ቀይሮ ይገላገል ነበር። በአዲሱ ላይ አውጪው። ተጨማሪ እሴት ታክሱንም፣ የጡረታ መዋጮውን መቶኛም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ይሉኝታው። የደብዳቤሽን ግማሽ የጻፈው እሱ ነው። እንደ ልጃቸው የሚያይሽን ሰው ብር መጠየቅ ከባድ ነው። ግን አስቢው፣ እትዬ የወንድማቸው ልጅ መድኃኒት ሲገዛ በነጻ ይሰጡታል? ዋጋ ይቀንሱለት ይሆናል። መቀነስ አንቺም ትችያለሽ። ለእሳቸው የመጀመሪያው ዓመት ግማሽ ይሁን። ሁሉንም ነጻ ማድረግ ግን ከዓመት በኋላ ስልካቸውን እንድትሸሺ ያደርግሻል። እሱ ነው ነውሩ።

በስልክ እንዳትነግሪያቸው። ሂጂ። ሰው በሚቀንስበት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ። መጀመሪያ አዲሱን ጫኚላቸውና በራሳቸው ስልክ የዛሬውን ሽያጭ ያሳያቸው። ከዚያ እንዲህ በያቸው፦

«እትዬ፣ ይህ አዲሱ ነው፣ በነጻ ነው። የከፈሉት እንዳይባክን ብለን ነው። ስህተት ቢገኝ ምንጊዜም በነጻ አስተካክላለሁ። ከጥር ጀምሮ ግን በዓመት 3,000 ብር ዓመታዊ አገልግሎት አለ። በእሱ ስልክዎ ላይ ሽያጩን ያያሉ፣ ሕግ ሲለወጥ እኔ እቀይርልዎታለሁ፣ ሲጠሩኝም እመጣለሁ። ባይፈልጉ ሲስተሙ አይዘጋብዎትም፣ በጠሩኝ ጊዜ ብቻ ይከፍሉኛል።»

ከዚያ ዝም በዪ። ዋጋ ተናግሮ ዝም ማለት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። «ካልተመቸዎት ግን...» ብለሽ ራስሽ ዋጋውን እንዳትበዪው።

ጥርን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ሐምሌ ላይ ሁሉም ሰው ግብር ግብር እያለ ነው። መስከረም የልጆች ምዝገባና ደብተር አለ። ሰኔ ደግሞ ቆጠራ ስለሆነ ሲስተሙ በጣም የሚያስፈልጋቸው ወር ነው፤ ያን ጊዜ ብትጠይቂ አንገታቸውን ያነቅሽ ይመስላቸዋል። ጥር ግን ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ፣ ሆቴሉም ሱቁም ይንቀሳቀሳል። ማንም በማይቸገርበት ሰዓት የተጠየቀ ብር በፈቃድ ይከፈላል።

ሌላ ሁለት ትንሽ ነገር። ለ3,000 ብሩ ደረሰኝ ስጪ፣ ወጪ ብለው ይመዘግቡታል። የምትሰጪውንና የማትሰጪውንም በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፈሽ አስፈርሚ። እኔ 800 ብሬን ስቀበል ያቺ ወረቀት ብትኖረኝ ኖሮ የፋሲካ በጌን ለጎረቤት አስይዤ አልሮጥም ነበር። አንድ ነገር ደግሞ አጣሪ። ከ43ቱ ውስጥ ለአንዱም ቢሆን «ዕድሜ ልክ ነጻ ነው» ብላችሁ የሸጣችሁለት ካለ፣ በቃልም ይሁን በወረቀት፣ እሱን አታስከፍሉት። ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው አይበልጡም ብዬ እገምታለሁ። ከበለጡ ጓደኛሽን «ለስንት ሰው እንዲህ ብለሃል?» ብለሽ ጠይቂው፤ ሻጩ እሱ ይመስለኛል።

ጥር ሲያልቅ ስንቶቹ እንደከፈሉ ጻፊልኝ። እትዬ ምን እንዳሉም።